አረንጓዴው እባብና አራተኛው ጥያቄ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ገመድ መያዝ ነበር።

ቆይ ስንዱ፣ አትቸኩዪ፤ ጥያቄሽን አልዘነጋሁትም። እንዲያውም መጀመሪያ ልድገመውና ካጎደልኩ አርሚኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት በጎረቤት ክርስትና ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ታናሽ እኅትሽ ልጅሽን አባብላ ልታበላው ስትል «አንቺ ያልወለድሽው ስለ ልጅ ምን ታውቂያለሽ?» አልሻት። እሷም ሳቀች፤ ሳህን ማንሳት ጀመረች። በማግስቱ ቤቷ ድረስ ሄደሽ «ይቅር በይኝ» ብትያት «ምንም አይደለም፣ ረስቼዋለሁ» አለችሽ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ወስዳ ማሳደሯን ትታለች። ሥራ በዛብኝ ትላለች። ልጁ እሷ ቤት ሲያድር የሚለብሳትን ትንሽ ብርድ ልብስ ግን አጥባ፣ አጣጥፋ ልካልሻለች። «ብትቀየመኝ ኖሮ ይህን ታደርግ ነበር?» ትይኛለሽ። የጠየቅሽኝም ይህ ነው፤ አንዴ ይቅርታ ጠይቄ «ምንም አይደለም» ከተባልኩ፣ ደግሜ ሄጄ መጠየቅ የዳነ ቁስል መነካካት አይሆንም ወይ?

መልሱ ያለው ገመድ ያዡ ዘንድ ነው። ወደ እሱ ልመለስ።

ይህ ሰው የሚኖረው ጫካና እርሻ በሚገናኙበት፣ ዝናብ በማይጠፋበት ሞቃት አገር ነው። እዚያ ቀፎ ግቢ ውስጥ አይቀመጥም። ከቀርከሃ ተሠርቶ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ንቡ ራሱ መጥቶ ይገባበታል። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ዛፉ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ከታች ገመድ ይይዛል። ገመዱ ወጪው ወገብ ላይ ይታሰርና በወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ዞሮ ያዡ እጅ ላይ ያልቃል። ወጪውን ቢያዳልጠው የሚያድነው የያዡ ክንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ገመድ ያዥ በጉልበቱ አይመረጥም፤ ሐሳቡ የማይበተን ሰው ነው የሚፈለገው። የእኛ ሰውዬ ሃያ ዓመት ገመድ ይዟል፤ አንድም ሰው ከእጁ አልወደቀም።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ወጪው ወርዶ እግሩ መሬት ሲነካ፣ የወገቡ ቋጠሮ ሳይፈታ፣ ያዡ ፊት ለፊቱ ይቆምና «ደኅና ነህ?» ይለዋል። ወጪው «ደኅና ነኝ» ይላል። እንደገና «ደኅና ነህ?»፤ እንደገና «ደኅና ነኝ»። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ከሦስተኛው መልስ በኋላ ቋጠሮው ይፈታል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ዛፍ ላይ ስንት ንብ እንደነደፈህ፣ የት ላይ እንዳዳለጠህ፣ የት ላይ እንደፈራህ አይወራም። አራተኛ ጊዜ የጠየቀ ሰው ወጪውን ውሸታም እንዳለው ይቆጠራል። በዚህ ሰበብ ተኳርፈው በሽማግሌ የታረቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ልማዱ እንዲሁ ከሜዳ የመጣ አይምሰልሽ። ንብ የማይነድፈው ቀፎ ሰቃይ የለም። ሁሉም የተነደፈውን ቁጭ ብሎ ቢዘረዝር ልጆች ሰምተው ይፈራሉ፤ ከዚያ ማን ይወጣል? አባቶች ይህን አይተው ነው ወሬውን በሦስት ጥያቄ የዘጉት። ለንብ ንድፊያ ሦስቱ በቂ ነበሩ፤ የንብ መርዝ ወዲያው ያማል፣ የተነደፈው ፊትም ወዲያው ያብጣል። ሰውዬው «ደኅና ነኝ» ቢልም ዓይኑ ይናገርበታል።

አሁን ወደ እባቡ ልምጣ። ፊትሽን አታጨማድጂ፤ እባቡን ሳልነግርሽ መልሱን ልነግርሽ አልችልም።

በዚያ ጫካ ዳር ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ የሚውል ቀጭን፣ ረጅም እባብ አለ። መሬት የሚወርደው አልፎ አልፎ ነው። ጭንቅላቱ አጭር፣ ዓይኖቹ ለጭንቅላቱ የማይመጥኑ ትልልቅ ናቸው። ብዙ እባብ በምላሱ እያሸተተ ነው የሚያድነው፤ ይህ ግን በዓይኑ ያያል። እስስት ይበላል፤ እስስት እንዴት እንደምትደበቅ ታውቂያለሽ፣ እሱ ግን ያገኛታል። የወፍ እንቁላልና ጫጩትም ይወዳል። ሲያድን ግማሽ አካሉን ከቅርንጫፉ ወደ አየር ዘርግቶ ቀጥ ይላል። ነፋስ ሲነፍስ እሱም ከቅጠሉ ጋር ይወዛወዛል፤ ነፋሱ ሲቆም ይቆማል። ከጎኑ ቁጭ ብለሽ ጭራሮ ነው ብለሽ ልትይዢው ትችያለሽ። የሚያጋልጡት ወፎች ናቸው፤ ካዩት ተሰብስበው ይጮሁበታል።

ፀባዩ ዓይን አፋር ነው። ሰው ሲያይ ይሸሻል። መሸሻ ሲያጣ አንገቱን እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ይኸውም ሂድልኝ ማለቱ ነው። የሚነክሰው የያዘውን ሰው ነው።

የአገሩ ሰው ግን ይህን አንድ እባብ ሁለት አድርጎ ነበር የሚያውቀው። ቡኒ አለ፤ አረንጓዴ አለ። ቡኒውን ባዩበት በዱላ ይገድሉታል። አረንጓዴውን «የቀፎ ዘበኛ» ይሉታል፤ ባረጀ ቀፎ ውስጥ ተጠቅልሎ ሲያገኙት እንደ መልካም ምልክት ያዩታል። ገደለ ሲባል ሰምተው አያውቁማ! የተነከሰው ሰው ይስቃል፣ ይወርዳል፣ ሦስቴ «ደኅና ነኝ» ይላል፣ ቤቱ ሄዶ ራቱን ይበላል። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ቡኒዋ ሴቷ ናት፤ አረንጓዴው ወንዱ ነው። ሚስቱን እየገደሉ ባልየውን ይመርቁ ነበር ማለት ነው። ይህ ሁሉ በኋላ የታወቀ ነው።

ያን ጊዜ ብሳና ሊያብብ ጥቂት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ባዶ ቀፎ የሚሰቀልበት ወቅት ነው። ገመድ ያዡ ከእኅቱ ባል ጋር ወጣ። ስለ እኅቱ ባል ምን ልበልሽ? ሥራ ያውቃል፤ ግን ግትር ነበር። ከዝንጀሮ ተሽዬ እወጣለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። «እንዴት አደርክ» ብትዪው እንኳ ምን ጎድሎኝ አይታ ነው የጠየቀችኝ የሚል ዓይነት።

ረፋዱ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ ላይ ወጣ። እዚያ ላይ ንቦቹ ጥለውት የሄዱት አሮጌ ቀፎ ነበር። ሊያጸዳው እጁን ሲያስገባ የሆነ ለስላሳ ነገር ያዘ። እባቡ አውራ ጣቱ አጠገብ ያለችውን ጣት ነከሰ፤ ነክሶም ቶሎ አልለቀቀም፣ እንደ ማኘክ አደረገው። ሰውዬው በሌላ እጁ አላቅቆ ወደ ታች ወረወረው። አረንጓዴ ነበር። ገመድ ያዡ እግር አጠገብ ወደቀ፤ እዚያው ካለ ቁጥቋጦ ላይ ወጥቶ ቅጠሉ መሀል ጠፋ።

ከላይ ሳቅ ተሰማ። «ዘበኛው ቤቱን አላስረክብም አለኝ!» አለ ወጪው።

ከታች ያለውም ሳቀ። ከዚያ ሥራቸውን ቀጠሉ። ወጪው ሦስት ሰዓት ያህል ዛፉ ላይ ቆይቶ አራት ቀፎ ሰቀለ። ሲወርድ የዛፉ ቅርፊት ቅልጥሙን ፋቀው። መሬት ሲደርስ ያዡ ሦስቴ ጠየቀው፣ እሱም ሦስቴ መለሰ፤ ቋጠሮው ተፈታ። ተሰነባብተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ገመድ ያዥ በማግስቱ ጠዋት የሚሠራው ሥራ አለው። የትናንቱን ገመድ አውጥቶ ክንድ በክንድ ይፈትሻል፤ የተበላ ካለ ይቀጥላል፣ የላላ ካለ ያጠብቃል። የእኛም ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገመዱን በጣቶቹ መሀል ሲያሳልፍ፣ ወጪው ሲወርድ እግሩ የነካው ቦታ ሁሉ ደም ነክቶታል። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ። ቅልጥሙን ቅርፊት እንደፋቀው በዓይኑ አይቷል። የተፋቀ ቅልጥም ግን ጥቂት ደምቶ ይደርቃል፤ ሦስት ክንድ ገመድ አያቀልምም።

እንዲህ ያለ ገመድ ከዚህ በፊት ይዞ ያውቃል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የገዛ ወንድሙን ገመድ ይዞለት ነበር። ያን ጊዜም በማግስቱ ገመዱ ላይ ደም አየ፤ ብዙም አላሳሰበውም፣ አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ወንድሙ በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫውና ከድዱ ደም እየፈሰሰው ሞተ። አንዳንዱ ምች ነው አለ፣ አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። ተለቀሰ፤ ተቀበረ። አሁን ግን ገመዱን በእጁ እንደያዘ አንድ ነገር ትዝ አለው። ያን ቀንም ከዛፉ ላይ አረንጓዴ እባብ ተወርውሮ እግሩ ሥር ወድቆ ነበር። ያን ቀንም ስቀው ነበር።

እባቡንና ሞቱን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያውቃቸዋል፤ ግን በመሀላቸው ሁለት ቀን ስለነበረ አንድ ላይ አስቧቸው አያውቅም። አሁንም እርግጠኛ አልነበረም። ገመዱን መሬት ላይ ጥሎ ተነሣ።

እኅቱ ቤት ሲደርስ አጥሩ ላይ የታጠበ የትራስ ጨርቅ ተሰጥቷል። ገና ውሃው ይንጠባጠባል። የልብስ ማጠቢያ ቀን አልነበረም።

«ምን ሆኖ ነው የታጠበው?» አላት እኅቱን።

«ወጥ ፈሶበት ነው» አለች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

ገባ። ባልየው መደብ ላይ ተቀምጦ ገጀራ ይስላል።

«ደኅና ነህ?» አለው ገመድ ያዡ።

ባልየው መሳሉን አቆመ። «ምን አልክ?»

«ደኅና ነህ ወይ አልኩህ።»

«ትናንት ሦስቴ መልሼልሃለሁ።»

«አውቃለሁ። ይህ አራተኛው ነው።»

ባልየው ገጀራውን ጥሎ ብድግ አለ። «ፈሪ አደረግኸኝ? ውሸታም አደረግኸኝ? ሚስቴ እየሰማች? ውጣልኝ ከቤቴ!» እንዲህ ነው ያለው፤ እኔ አላሳምርለትም። ሌላም የማይደገም ነገር ጨምሯል።

ገመድ ያዡ አልወጣም። ክፉ ቃልም አልመለሰም። በሩ ላይ እንደቆመ «አንድ ነገር አድርግልኝና እሄዳለሁ» አለው። «ምራቅህን ትፋ።»

«ምን?»

«መሬት ላይ ትፋልኝ። ከዚያ እሄዳለሁ፤ ከፈለግህ ደጅህን ዳግመኛ አልረግጥም።»

ባልየው ተፋ። ጤንነቱን ሊያሳይ ብሎ አልነበረም፤ ሊያዋርደው ብሎ ነው እግሩ ሥር የተፋበት። ሦስቱም መሬቱን አዩ። ምራቁ ቀይ ነበር።

ሚስቲቱ «ትራሱም እንዲሁ ነበር» አለች። «ለማንም አትንገሪ ብሎኝ ነው ያጠብኩት።» ቀስ ብላ ሱሪውን ገለጥ ብታደርግ ትናንት የተፋቀው ቅልጥም ገና እርጥብ ነበር፤ ያሰረበት ጨርቅ ርሷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝምብሽም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቃሬዛ ተሠርቶ፣ ስምንት ሰዎች እየተፈራረቁ እስከ መኪና መንገድ ተሸከሙት፤ ከዚያ በተገኘ መኪና ሆስፒታል ገባ። ሐኪሟ ደሙን በንጹሕ ብልቃጥ ቀዳችና ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ሃያ ደቂቃ ጠበቀች። ጤነኛ ደም በዚህ ጊዜ ይረጋል፤ ብልቃጡን ብታዘነብዪው አይፈስም። የእሱን ስታዘነብለው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ለዚያ እባብ የሚሆን መድኃኒት እዚያ አልነበረም። ዘመድ ወዳጁ ክንዱን እየዘረጋ ደም ሰጠ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሰጠ ገመድ ያዡ ነው። ሰውዬው አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ ዳነ። «አንድ ቀን ዘግይታችሁ ቢሆን አይተርፍም ነበር» አለች ሐኪሟ።

የእባቡን ነገር በደንብ ያስረዳቻቸው እሷ ናት። የመርዙ ጥርስ ከአፉ በስተኋላ ነው፤ ስለዚህ አፉን በሰፊው ከፍቶ ነክሶ መቆየት አለበት። የሚያስገባው መርዝ ጥቂት ነው። መርዙ ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው፤ ደም የሚረጋበትን ነገር ያጠፋዋል። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሰዓት የሚያም ነገር የለም፣ እብጠቱም ለወሬ አይበቃም። የተነከሰው ሰው ይሠራል፣ ይስቃል፣ ይበላል። አንዳንዱ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ እንዲህ ይቆያል። የሚታየው ምልክት በድድ ላይ ይጀምራል፤ ወይም ትናንት በዳነ በመሰለ ጭረት ላይ።

ከዚያ ሐኪሟ ደብተሯን ይዛ ገመድ ያዡን ጠየቀችው። «በመንደራችሁ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ የሞተ ሰው አለ?»

ገመድ ያዡ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፣ ጢሙ የሸበተ። «ሦስቴ ጠይቄዋለሁ» አለ። «ወንድሜን ሦስቴ ጠይቄዋለሁ፣ ሦስቴ መልሶልኛል። ቋጠሮውን ፈትቼለት ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤቱኮ ከቤቴ ሩቅ አልነበረም። በማግስቱ ብሄድ ኖሮ…» በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ከእጄ አልወደቀም ይል ነበር። ያን ቀን መቁጠሩን ተወ።

በዚያ አገር ልማዱ እንደነበረ አለ፤ ሦስቱ ጥያቄዎች አልተሻሩም። አንድ ብቻ ተጨምሯል። ገመድ ያዡ በማግስቱ ጠዋት ወጪው ቤት ይሄዳል። የሚጠይቀውም «ደኅና ነህ?» ብሎ አይደለም፤ ወጪው በር ላይ ወጥቶ ይተፋለታል፣ ያዡም አይቶ ይመለሳል። መንገደኛ ቢያይ እንዴት ያሉ ባለጌዎች ናቸው ይላል። ይበል።

ታሪኩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ስንዱ። የዳነ ቁስል መነካካት አይሆንም ወይ ብለሽኝ ነበር። እስቲ ልጠይቅሽ፤ መዳኑን በምን አወቅሽ? «ምንም አይደለም» ስላለችሽ? የጠየቅሻት እኮ በማግስቱ ነው፤ የቃል መርዝ ከእባቡም ይዘገያልና ለእሷ ያ እግሯ ገና መሬት ሲነካ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ሁሉም ሰው «ደኅና ነኝ» ይላል። አንቺም የምትፈልጊውን መልስ አገኘሽ፣ ቋጠሮውን ፈታሽ፣ ቤትሽ ገባሽ።

እኅትሽ ዋሽታኛለች ብለሽ ደግሞ እንዳታዝኚባት። አልዋሸችሽም። ይህን ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። እጄን ስታዪ ነበር ቅድም፤ አዎ፣ ይህች ጣት ናት። ዛፉ ላይ የወጣሁት፣ ያ ግትሩ ሰው እኔ ነኝ። አማቼን ከቤቴ ያባረርኩት፣ እግሩ ሥር የተፋሁበት እኔ ነኝ። ያን ቀን ሦስቴ «ደኅና ነኝ» ስል አንድም ውሸት አልነበረበትም። ምንም አላመመኝም ነበር። እሾህ የወጋኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። ራቴን በልቼ ስለ እባቡ ለሚስቴ እያወራሁ ስቄያለሁ። በማግስቱ ጠዋት አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ሲመጣብኝ ግን ፈራሁ፤ ያን ጊዜ ለመናገር ጊዜው ያለፈብኝ መሰለኝ። ትናንት ሦስቴ «ደኅና ነኝ» ያለ ሰው ዛሬ በየት በኩል ዞሮ «ታመምኩ» ይላል? ራሴ በሰጠሁት መልስ ተዘጋሁ። እኅትሽም እንዲሁ ናት። «ረስቼዋለሁ» ብላሻለችና አሁን በየት በኩል ትመለስ? በሩን ከውጭ መክፈት ያለበት ሌላ ሰው ነው።

እባቡን ክፉ ነው አልልም፤ ዓይን አፋር ነው፣ ቤቱ ውስጥ እጄን አስገባሁበት። አንቺም ክፉ ሰው አይደለሽም። ግን እኅትሽ እጇን ያስገባችው ልጅሽን ልታጎርስ ነበር፤ ለምን እንደነከስሻት እኔ አላውቅም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቃልሽ ትንሽ ናት። ስድስት ቃል ብትሆን ነው። አንቺ ትንሽነቷን እያየሽ ነው፤ የእኔንም ጣት የጥርስ ምልክት ሐኪሟ በማጉያ መነጽር ነው የፈለገችው።

ብርድ ልብሱን ደግሞ እንደ ጤንነት ማስረጃ አመጣሽልኝ። አጥባ፣ አጣጥፋ ልካለች አልሽ። ልጁን ቅዳሜ ቅዳሜ የምታለብሰውን ነገር ከቤቷ ስታወጣ አጥባ ማጣጠፏ አያስገርምም፤ ጥሩ ሴት ናት። የእኔም ሚስት የትራሱን ጨርቅ አጥባ አጥር ላይ አስጥታው ነበር። አማቼ ያን ጨርቅ አይቶ ጽዳቷን አድንቆ ቢያልፍ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚነግርሽ ሰው አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ሂጂ። ስትሄጂ «ደኅና ነሽ ወይ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ የለመደችውን መልስ ትሰጥሻለች። ያን ቀን ያልሻትን ቃል ራስሽ አንሺው፣ እንዳልሽው አድርገሽ፣ ሳታለዝቢው። ትቆጣ ይሆናል። እኔ ተቆጥቻለሁ። ውጪልኝ ትልሽም ይሆናል፤ አማቼን ብዬዋለሁ። በሩ ላይ ቁሚ። ክፉ ቃል ብትወረውርብሽ ተቀበይው፣ እሱ ነው ስትፈልጊው የቆየሽው ምልክት። ብታለቅስ አብረሻት አልቅሺ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ለሐኪም ደረሰ ማለት ነው።

አማቼ ለወንድሙ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል። አንቺ ስድስት ሳምንት ነው። ተነሺ። ብርድ ልብሱን ያዢ፤ ልጁንም ያዢ። ዛሬ ቅዳሜ ነው።